ሥራና ቤት ብቻ እንዳይሆን፦ ባልና ሚስት አውስትራሊያ ላይ እንዴት ሰው ያፈራሉ? የትስ ይሄዳሉ?

አልቶና

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሜልበርን ነው፣ በምዕራቡ በኩል። እኔ አረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፣ እሱ የጭነት መኪና ይነዳል። አዲስ የገቡ ባልና ሚስቶች ቤታችን ሲመጡ ሁሌ የሚጠይቁን አንድ ነገር አለ። «ቅዳሜና እሁድ ምን ታደርጋላችሁ? እኛ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ሆንን» ይሉናል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው፣ እናንተም ጨምሩበት።

አገር ቤት ሰው ራሱ ይመጣል። ጎረቤት ለቡና ይጠራል፣ ዕድሩ ለቅሶ ያወጣል፣ የአክስት ልጅ ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ። ሳታስቡት ሰው መሐል ትውላላችሁ። እዚህ ቀጠሮ ያልተያዘለት ነገር አይሆንም። ክፋት አይደለም፤ ሁሉም ሰው ሺፍት አለው። ስለዚህ ሰው መጠየቅም ሆነ አገር ማየት ቀን ካልተቆረጠለት ዓመቱ ሳይታወቅ እልም ይላል።

እኛ ቤት ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የእኔ ሺፍት በቀይ፣ የእሱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጻፋል። ሁለታችንም የማንሠራበት ቀን ይከበባል። በተከበበ ቀን ከሥራ ተደውሎ «መግባት ትችያለሽ?» ቢባል መልሱ አልችልም ነው። የእሁድ ክፍያ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን እሱ ሌሊት ነድቶ ሲገባ እኔ እየወጣሁ፣ በር ላይ ብቻ የምንተያይ ከሆነ ትዳሩስ ምን ይሆናል?

ወደ ሰው ልምጣ። ፉትስክሬይ የሚባለው ሰፈር ሲኬድ የሀበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ ሞልቷል። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ጥሬ ቡናው አለ። ቤተ ክርስቲያንም አለ። ይህ ለእኛ ትልቅ ጸጋ ነው። ግን እዚያው ተወስኖ መቅረት ጥሩ አይመስለኝም፤ የምንኖርበትን መንደር ሳናውቀው ልጆቻችን ብቻ ያውቁታል።

እኛ ከጎረቤት ጋር የጀመርነው በድፎ ዳቦ ነው። ለእንቁጣጣሽ ደፍቼ ግራና ቀኝ ላሉት ቤቶች ቆርጬ ወሰድኩ። በቀኝ በኩል ከማልታ የመጡ አሮጊት እናት ይኖራሉ፣ በግራ ቬትናማውያን ባልና ሚስት። ሳምንት ሳይሞላ አሮጊቷ ከጓሯቸው ሎሚ ለቅመው በፌስታል ሙሉ ይዘው መጡ። ቅጠሉ ሳይቀር ነበረበት። አሁን እሳቸው ሆስፒታል ሲገቡ ድመታቸውን የምናበላው እኛ ነን። እኛ ስንጓዝ ደግሞ ፖስታችንን የሚሰበስቡልን፣ የቆሻሻ ቢናችንን የሚያስወጡልን እሳቸው ናቸው።

ከሥራ ባልደረቦች ጋር የተቀራረብነው መናፈሻ ውስጥ ነው። ብዙ መናፈሻዎች ላይ የኤሌክትሪክ መጥበሻ አለ፣ በነጻ። ቁልፉን ስትጫኑት ይግላል፣ ጠብሳችሁ ጠርጋችሁ ትሄዳላችሁ። ቤት ጠባብ ነው፣ ወንበር አይበቃም ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መላ የለም። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ምግብ ይዞ ይመጣል። እኛ በእንግድነት ባህላችን ሁሉንም ራሳችን ካላቀረብን ይከብደናል። እዚህ ግን እንግዳው ባዶ እጁን ሲመጣ ነው የሚጨነቀው፣ ስለዚህ ያምጣ።

ጉዞውን ከቅርብ ነው የጀመርነው። ከ2023 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ወዲህ ቪክቶሪያ ውስጥ፣ ማለት ሜልበርን ባለችበት ክልል፣ በባቡር ወደ ገጠር ከተሞች መሄድ በቀን ከሜልበርን ውስጥ የቀን ታሪፍ አይበልጥም። በዚያው ማይኪ በሚባለው የትራንስፖርት ካርድ ባላራት ሄዶ መምጣት ይቻላል። ባላራት በ1851 ወርቅ ተገኝቶ ዓለም የጎረፈባት ከተማ ናት። በ1854 ደግሞ ቆፋሪዎቹ በፈቃድ ክፍያው አምፀው ከወታደር ጋር ተዋግተውባታል።

ከዚያ ግሬት ኦሽን ሮድ የሚባለው የባሕር ዳር መንገድ። ስለ እሱ ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ፎቶ አንስቶ ብቻ ይመለሳል። መንገዱን የሠሩት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ናቸው። ከ1919 እስከ 1932 ገደሉን በአካፋና በዶማ፣ በፈንጂም እየፈለጡ ሠሩት፣ ለሞቱት ጓዶቻቸው መታሰቢያ እንዲሆን። ባለቤቴ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ስለሆነ ይህን ሲያነብ መንገዱ ላይ ያለው የመታሰቢያ ቅስት አጠገብ መኪናውን አቁሞ ወረደ። የድንጋይ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ረጅም መንገድ በእግሩ ሄደ። እኔ አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የሚባሉትን የባሕር ዓለቶች ለማየት ቸኩዬ ነበር፣ ግን አልጠራሁትም። ስማቸው አሥራ ሁለት ይበል እንጂ ዓለቶቹ አሥራ ሁለት አይደሉም። ማዕበሉ ሥራቸውን እየበላው ነው፣ አንዱ በ2005 ተንዷል። ስለዚህ ሳትዘገዩ እዩአቸው።

መኪና ውስጥ ለሰዓታት ሁለት ብቻ ስትሆኑ ቤት ውስጥ ያልተወራ ነገር ሁሉ ይወራል። ስለ ገንዘብ፣ ስለ እናቱ ሕመም፣ ልጅ ስለ መውለድ። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ላይ ደግሞ ይበልጥ። ለእኔ የጉዞ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

እናንተስ? የት ሄዳችሁ? ሰው እንዴት አገኛችሁ?

---

ቆጣቢው

እህቴ፣ ጥሩ ጽፈሻል፤ ግን ሁሉም እንደዚያ አይችልም። ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ፣ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ የሚጠራቀም አለ። እኔና ሚስቴ ሁለታችንም ካዡዋል ነን፣ ቋሚ ያልሆንን ሠራተኞች ማለት ነው። ካዡዋል በሰዓት 25 በመቶ ተጨምሮ ይከፈለዋል፣ ግን የተከፈለበት ዓመት ፈቃድ የለውም። አንድ ሳምንት ሽርሽር ማለት አንድ ሳምንት ያለ ደሞዝ ነው። ወንድሜ አገር ቤት የኮሌጅ ክፍያ እየጠበቀ እኔ ባሕር ዳር ሆቴል ብይዝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

---

አልቶና

ወንድሜ፣ የምትለው እውነት ነው፤ እኛም እንልካለን። ሆቴል ግን አላልኩም። የቪክቶሪያ ብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ አያስከፍሉም። ምሳ ከቤት፣ ቡና በፔርሙስ፣ ማታ ቤት መግባት ነው። ከነዳጅ ሌላ ወጪ የለውም። ቅዳሜና እሁድ ሁለታችሁም ብትሠሩ እንኳ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አብራችሁ አልቶና ባሕር ዳር መሄድ ትችላላችሁ። ሚስትህ ምን እንደምትል ግን ጠይቃት፣ እኔ ለእሷ መናገር አልችልም።

---

ገና_የገባች

ሰላም እህቶቼና ወንድሞቼ። እኔ በትዳር ቪዛ ነው የመጣሁት። ባለቤቴ በቀን አሥር ሰዓት ይሠራል። መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ እንግሊዝኛዬም ገና ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ነኝ። ጎረቤት ማንኳኳት ፈራሁ። ከየት ልጀምር?

---

ነርሷ_ከሲድኒ

እህት ዓለም፣ አይዞሽ። እኔም አንቺ ያለሽበት ነበርኩ። በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

መጀመሪያ ኤሜፕ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ጠይቂ። መንግሥት ለአዲስ ገቢዎች በነጻ የሚሰጠው ነው። የትዳር ቪዛ ያላቸውም ብዙዎቹ ይገባሉ። ቋንቋው አንድ ነገር ነው፣ ሰዉ ደግሞ ሌላ። የእኔ የመጀመሪያ ጓደኛ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ኢራቃዊት ናት። ሁለታችንም እንግሊዝኛ አንችልም ነበር፣ ግን ስለ ባሎቻችን በደንብ ተግባባን። እስካሁን በዓል አብረን ነው የምንውለው።

ሁለተኛ የሰፈርሽ ቤተ መጻሕፍት። መግባት ነጻ፣ ማሞቂያው ነጻ፣ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ የሚለማመዱበት የወሬ ሰዓት አላቸው። ሜልበርን ከሆንሽ ደግሞ ኔበርሁድ ሃውስ የሚባሉ የሰፈር ቤቶች አሉ። ስፌት፣ ምግብ ማብሰል፣ ኮምፒውተር በትንሽ ክፍያ ታገኛለሽ።

ሦስተኛ ፓርክረን። ቅዳሜ ጠዋት በ8 ሰዓት (በፈረንጁ) በየመናፈሻው 5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ ወይም ይራመዳል። በነጻ ነው። ኢትዮጵያዊት ነኝ ስትያቸው ሁሉም ፈጣን ሯጭ ትመስያቸዋለሽ። አይክበድሽ፣ ተራመጂ። ከኋላ የሚራመዱት ሴቶች ናቸው ሲጨርሱ ቡና የሚጠጡት።

---

ፎቅ_ላይ

ስለ ቡና ከተነሣ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ሰዎች ቡና ስትቆሉ የጭስ ደወሉን አስቡ። በአንዳንድ ሕንፃዎች ደወሉ በቀጥታ ከእሳት አደጋ መከላከያ ጋር የተያያዘ ነው። መኪናው ከነሳይረኑ ይመጣል፣ ሕንፃው ሁሉ ይወርዳል፣ ለሐሰት ጥሪም ሊያስከፍሉ ይችላሉ። እኛ በረንዳ ላይ በትንሽ ምድጃ እንቆላለን፣ የክፍሉን በር ዘግተን። ዕጣኑም እዚያው። አንድ ቀን ታችኛው ፎቅ ያለች ሴት ሽታው ደርሷት ምን እንደሆነ ልትጠይቅ ወጣች። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥታ ነው የወረደችው። አሁን ለበረካ ሳትጠጣ አትሄድም።

---

የድሮ_ስደተኛ

ልጆቼ፣ አንብቤ ደስ ብሎኛል። እኔ በሱዳን በኩል ነው የመጣሁት፣ በ1980ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር። ያን ጊዜ ሜልበርን ውስጥ ሀበሻ ሲታይ መንገድ ተሻግሮ ይተቃቀፍ ነበር። እንጀራ በስንዴ ዱቄትና በሩዝ ዱቄት ነበር የምንጋግረው። ዕድር ያቋቋምነው ሰው ሲሞት ሬሳ የሚያነሣ አጥተን ነው። አሁን ወጣቶቹ «ኢንሹራንስ አለኝ፣ ዕድር ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ኢንሹራንስ ገንዘብ ይሰጣል እንጂ ሦስት ቀን አብሮህ አይቀመጥም። ግቡ፣ ተመዝገቡ።

ስለ ማየት ካነሣችሁ፣ ሩቅ ሳትሄዱ ኤምሲጂ የሚባለውን ስታዲየም ጎብኙ። ብዙ ሰው የክሪኬትና የፉቲ (የአውስትራሊያ እግር ኳስ) ሜዳ ብቻ ይመስለዋል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው እዚያ ነው፣ በ1956። ማሞ ወልዴ ከነጓዶቹ እዚያ ሜዳ ላይ ሮጧል። በ1968 ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ ከማምጣቱ 12 ዓመት በፊት ማለት ነው። እኔ የልጅ ልጆቼን ይዤ ሄጄ የቆመበትን መሬት አሳየኋቸው። «አያታችን ከመምጣታቸው በፊት ኢትዮጵያ እዚህ ነበረች» ብለው ለትምህርት ቤት ጻፉ።

ፉቲንም አትናቁት። የፉትስክሬይ ቡድን ቡልዶግስ በ2016 ዋንጫ ሲያነሣ ከ1954 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። የማላውቀው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ አቀፈኝ። ሥራ ቦታ ሰኞ ጠዋት የምታወራው ነገር ይኖርሃል። ብዙ ወዳጅ ያፈራሁት በዚያ ወሬ ነው።

---

አልቶና

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የኤምሲጂውን አላውቅም ነበር። ባለቤቴን ነገርኩት፣ የሚቀጥለው የተከበበ ቀን ለዚያ ተይዟል።

---

አድሌድ_ሹፌር

በመኪና ወደ እኛ የምትመጡ ካላችሁ ጥቂት ነገር።

ከሜልበርን አድሌድ 730 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍራፍሬ ይዛችሁ አትምጡ። ደቡብ አውስትራሊያ በፍራፍሬ ዝንብ ምክንያት ድንበር ላይ ታስጥላለች፣ ደብቆ የተገኘም ይቀጣል። የጾም ምሳችሁን በሽሮና በምስር አድርጉት።

ካንጋሮ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው መንገድ የሚያቋርጠው። በዚያ ሰዓት ገጠር አትንዱ። ድንገት ከገባባችሁ ፍሬን ያዙ እንጂ መሪ አትጠምዝዙ። በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ፣ ባልና ሚስት ከሆናችሁ ተቀያየሩ። በቀኝ መንዳት የለመደ ሰው ደግሞ ዋናው አደጋው ነዳጅ ቀድቶ ባዶ መንገድ ላይ ሲወጣ ነው። እጅ በልማድ ወደ ቀኝ ይወስዳል። እኔ አጠገቤ የተቀመጠች ሚስቴ ሁልጊዜ «ግራ!» ትለኛለች፤ ይጠቅማል።

ፈጣኑን መንገድ ትታችሁ በባሕሩ በኩል ከመጣችሁ ማውንት ጋምቢየር ላይ እደሩ። ብሉ ሌክ የሚባል ሐይቅ አለ። ልክ እንደ ቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ነው። በክረምታቸው ግራጫ ይሆንና በኅዳር አካባቢ ወደ ደማቅ ሰማያዊ ይለወጣል። የቢሾፍቱ ልጅ የሆነች ሚስቴ እዚያ ስትደርስ ከመኪና አልወርድም አለች። እያለቀሰች ነበር። ከዚያ ወርዳ ዳሩን ዞረችው፣ ቀስ እያልን አብረን።

---

ገና_የገባች

ስለ መንጃ ፈቃድ የምታውቁ አላችሁ? የባለቤቴ ጓደኛ «የኢትዮጵያው ይሠራል» አለኝ።

---

አድሌድ_ሹፌር

እንደ ክልሉ ይለያያል። ቪክቶሪያ ውስጥ ነዋሪ ከሆንሽ በውጭ መንጃ ፈቃድ የምትነጂው ለ6 ወር ብቻ ነው። ከዚያ የቪክቶሪያውን ማውጣት አለብሽ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ፈተናዎቹን ይወስዳል። ያንቺ ግን ከዜሮ ስለሆነ ለርነር የሚባለውን የተማሪ ፈቃድ አውጪና ተማሪ። ባልሽ ብቻ አያስተምርሽ፣ ትጣላላችሁ። የተወሰነውን ከአሠልጣኝ ጋር አድርጊው።

---

ፐርዝ_ያለሁ

እኛ ፐርዝ ነን። ሀበሻው ከሜልበርን በጣም ያንሳል። ስለዚህ ያለነው እንጠባበቃለን። አንድ ጥቅም አለን፣ ከአዲስ አበባ የምንቀድመው በ5 ሰዓት ብቻ ነው። ሜልበርን 7 ነው፣ በበጋ ሰዓት ሲቀየር ደግሞ 8 ይሆናል። እኛ ማታ ከሥራ ገብተን ስንደውል እናቶቻችን የከሰዓት ቡና ላይ ናቸው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን አብረን እንጠጣለን።

እኔና ባለቤቴ አንድ ጊዜ ናላርቦር የሚባለውን ሰፊ ሜዳ በመኪና አቋርጠናል። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ 146 ኪሎ ሜትር ያለ አንዲት መታጠፊያ ይሄዳል። ውሃና ነዳጅ ትርፍ ያዙ፣ ጎማ ይታይ። ነዳጅ ማደያ ሲገኝ ታንኩ ግማሽ ቢሆንም ሙሉት። ሌላ ምክር የለኝም፣ ግን ማታ ከመኪና ወጥተን ያየነውን ሰማይ ሌላ ቦታ አላየሁም።

---

ሰነድ_አዋቂ

ጉዞ ስትሉ ወደ አገር ቤት መሄድም አለና ሁለት ነገር አስታውሱ። ሰው በዚህ ይጎዳል።

ፒአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ያላችሁ፣ ቪዛው ላይ ያለው የመውጣትና የመግባት መብት ለ5 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ውጭ ካላችሁ ለመመለስ የነዋሪ መመለሻ ቪዛ ያስፈልጋል። ከመውጣታችሁ በፊት ቀኑን እዩ።

ዜግነት ለማመልከት ደግሞ 4 ዓመት በሕጋዊ ቪዛ መኖር ያስፈልጋል፣ የመጨረሻው 1 ዓመት በፒአር። በ4ቱ ዓመት ውስጥ ውጭ የቆያችሁት በድምሩ ከ12 ወር፣ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ከ90 ቀን መብለጥ የለበትም። ባልና ሚስት አብረው ገብተው አንዳቸው እናት ለማስታመም አራት ወር ቆይተው ሲመለሱ ማመልከቻቸው የሚለያይበት ምክንያት ይኸው ነው። እናት ትታመማለች፣ ይኬዳል። ግን ዐውቃችሁ ሂዱ።

---

ቆጣቢው

ሚስቴን ጠየቅኋት። «ማክሰኞ ከሰዓት» የሚለውን ወዳለች። ሌላ ጥያቄ ግን አላት። ታኅሣሥ ላይ ሥራ ቦታዋ የገና ግብዣ ያደርጋል፣ እኛ የነቢያት ጾም ላይ ነን። ሁሌ ትቀራለች። የምትሄዱ ምን ትበላላችሁ?

---

አልቶና

አትቅር! ቀድማ ቪጋን ነኝ ትበል፣ አለቀ። ሜልበርን ውስጥ ይህ ማንንም አይገርምም፣ ማብራሪያም አይጠይቁም። እኔ ግን አስረድቼ ነው የምሄደው፣ ምክንያቱም ሰው ይጠይቃል፣ ጥሩ ወሬም ይሆናል። አለቃዬ የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 መሆኑን ስላወቀች አሁን ሮስተር (የሺፍት ድልድል) ስትሠራ ራሷ ያንን ቀን ትተውልኛለች። ያ ቀን እዚህ የሕዝብ በዓል አይደለም፣ ስለዚህ ቀድሞ ያልተናገረ ሰው ሥራ ላይ ይውላል።

መስቀል ደግሞ ከፉቲው ፍጻሜ ዋዜማ ጋር ይቀራረባል። እሱ ዓርብ ቪክቶሪያ ውስጥ ሥራ የለም። በአንዳንድ ዓመት ይገጥማል፣ ካሌንደራችሁን እዩ።

---

ገና_የገባች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለትምህርቱ ተመዝግቤያለሁ። ቤተ መጻሕፍቱም ሄጃለሁ፣ አንዲት የሱዳን ሴት አዋይታኛለች፣ ዓረብኛ ትንሽ ስለማውቅ ተግባባን። አልቶና፣ አንቺና ባለቤትሽ ሌላ ሰው ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? የነዳጅ እንከፍላለን።

---

አልቶና

እንዴታ! በማርች ባለው የሠራተኞች ቀን ረጅም ቅዳሜና እሁድ ዊልሰንስ ፕሮም የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ልንሄድ ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ይነዳል። ድንኳን መትከያው በዚያ ሰሞን ቀድሞ ስለሚሞላ ደርሰን ነው የምንመለሰው። ስኩዊኪ ቢች የሚባል ባሕር ዳር አለ፣ አሸዋው ሲረገጥ ይጮሃል። መዋኘት የምትፈልጉ ግን እዚያ ጠባቂ ስለሌለ አትሞክሩ። ቀይና ቢጫ ባንዲራ የተተከለበት ባሕር ዳር ላይ፣ በሁለቱ ባንዲራ መሐል ብቻ ነው የሚዋኘው።

መኪናችን ውስጥ ሁለት ቦታ አለ፣ ቆጣቢውም በራሱ መኪና እመጣለሁ ብሏል። ዐቢይ ጾም ስለሚሆን ሽሮውንና አትክልቱን እኔ እሠራለሁ። አንቺ ዳቦና ፍራፍሬ ያዢ። ድንበር ስለማንሻገር ፍራፍሬው ችግር የለውም። ጃኬት አትርሱ፣ የዚያ ባሕር ነፋስ በበጋም ይበርዳል። ጠዋት በ6 ሰዓት በፈረንጁ ከቤታችን እንነሣለን፣ አድራሻውን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።